የተመለሰውን የሚቀበለው ማን ነው?

(በመስከረም ወር ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «መንፈሳዊ መታደስና አዲስ ጅማሬ» የሚል ነው። ለመስከረም ልክ የሆነ ርእስ ነው፤ በዚህ ወር ስለ መታደስ የማይናገር የለምና። ስለዚህ ጉዳይ ስናስተምር ግን ሁልጊዜ የምናነጋግረው የሚታደሰውን ሰው ነው። ተነሣ እንለዋለን፤ ተመለስ፣ ንስሐ ግባ፣ አሮጌውን ኑሮ ተው እንለዋለን። አንዳንዴም ይሰማናል፤ ይነሣል፣ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ምን እንደሚያጋጥመው ብዙም አንነጋገርበትም። ስለዚህ ዛሬ ፊቴን ወደ ሌላው ወገን ላዙር፤ ቤት ወደ ቆየው ሰው፣ ጾሙን ሳይገድፍ፣ ማኅበሩን ሳያጓድል ወደ ኖረው። በዚህ አዳራሽ ወደ ተቀመጥነው ወደ አብዛኞቻችን ማለቴ ነው።

የጠፋው ልጅ ታሪክ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ነው። ሰባክያን የልጁን ረኀብ፣ የአባቱን እቅፍ፣ የታረደውን ፍሪዳ አሳምረው ይተርኩልናል። ታላቁ ወንድም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ሲያልቅ ነው። እስቲ አስተውሉ፤ ታናሹ ልጅ ልብስ ለብሶ፣ ጫማ ተጫምቶ፣ ማዕድ ቀርቧል። የእሱ ነገር አልቋል። ደጅ ቆሞ አልገባም ያለው ያልጠፋው ልጅ ነው። አባትየው ለሁለተኛ ጊዜ ከቤት የወጣው እሱን ሊለምን ነው። ይግባ አይግባ ወንጌሉ አይነግረንም።

ለተመላሹ ወገን ቤተ ክርስቲያናችን ያዘጋጀችው ነገር ብዙ ነው። የዘመን አቆጣጠሯ ራሱ በጅማሬ የተሞላ ነው። መስከረም 1 ርእሰ ዐውደ ዓመት ይባላል፤ የመጥምቁ መታሰቢያ ስለሆነ ሕዝቡ በአጭሩ «ቅዱስ ዮሐንስ» ይለዋል። ንስሐ ግቡ እያለ በዮርዳኖስ ዳር የጮኸው ሰው በዓመቱ ደጃፍ ላይ መቆሙ እንዲያው የመጣ ነገር አይመስለኝም። ሊቃውንቱም በባሕረ ሐሳብ ቀምረው ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት ቀን እንደሚውል ያውጃሉ። ከመስከረም በፊት ያለችው ጳጉሜን የመታጠቢያ ወቅት ናት። በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ከጣለ ልጆች ግቢ ውስጥ እርቃናቸውን ሲራወጡ፣ እናቶች ጠበሉ አያምልጠን ብለው ባልዲና ሳፋ ከጣራው ሥር ሲደረድሩ ያላየ ማን አለ?

ከዚያ የአዋጅ አጽዋማት ይከተላሉ፤ በቁጥር 7 ናቸው። ትልቁ ዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን ይጾማል፣ ሳምንቶቹም እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። 7ኛው ሳምንት ኒቆዲሞስ ይባላል። በሌሊት ወደ ጌታችን መጥቶ፣ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ዳግመኛ ይወለዳል ብሎ የጠየቀው የአይሁድ አለቃ ነው። ወጣት ሰባክያን ይህን ጥያቄ የየዋህ ጥያቄ አድርገው ሲያቀርቡት እሰማለሁ። ዕድሜ ሲገፋ ይገባቸዋል። ልማዱ የጠነከረበት፣ ልጆቹ በጠባዩ የሚያውቁት፣ ሠፈሩ በስም ያተመው የ60 ዓመት ሰው የሚጠይቀው ትክክለኛ ጥያቄ ያ ነው።

የስቅለትን ማታ ደግሞ ጠጋ ብለን እንየው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰገድ ውሏል። ግንባር ላይ አፈር አለ፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ሆድ ባዶ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካህናቱ የወይራ ዝንጣፊ ይዘው በየአቅጣጫው ይቆማሉ፤ ምእመናኑ ተራ ይይዛሉ። ተራው የደረሰ ሰው ጎንበስ ይላል፤ ካህኑ በወይራው ጀርባውን ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ይህን ያህል ስገድ ይባላል። ሰውየው ፈቀቅ ብሎ ክፍት ቦታ ይፈልግና የታዘዘውን ይሰግዳል። ከፊቱ ተሰልፎ የነበረው የሠፈሩ ባለሱቅ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው ያለችው የቤት ሠራተኛው ልትሆን ትችላለች። ማን ምን ሠርቶ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ለራሱ ጀርባ ነው የሚያስበው። ይህን ሥርዓት የምወደው ለዚህ ነው፤ በዚያ ማታ የተመለሰና የቆየ የሚባል የለም፣ ሰልፉ አንድ ነው። የመለየቱ ነገር የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ዶሮው ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱና ወደየወሬው ሲመለስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ልለፍ፤ መመለስ በነፃ ነው ማለቴ አይደለም። የንስሐ አባት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ የሰው ገንዘብ ወስጃለሁ ብሎ ለተናዘዘ ሰው የመጀመሪያው ቀኖና ገንዘቡን መመለስ ነው፣ ስግደቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታችን በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ነው። በአገራችን በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ሥር ሲወድቅ ሽማግሌዎች ዝም ብለው አያዩም፤ ካሳውም ይነገራል፣ ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል። እንዲህ ያለው ነገር በደንብ ተጽፎልናል፣ በደንብም እናውቀዋለን።

የማናውቀው ሌላውን ነው፤ ድንጋዩ ከወረደ በኋላ ያለውን።

ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ። የጥንቱን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ250 የሮም ንጉሥ ዳክዮስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፣ መሠዋቱንም በሹማምንት ፊት አስመስክሮ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። እንዲህ ያሉ የምስክር ወረቀቶች ከግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል፤ የአመልካቹ ስም አለበት፣ መሥዋዕቱን መቅመሱ ተጽፎበታል፣ የሹሞቹም ፊርማ አለበት። ክርስቲያኑ ተከፋፈለ። የሞተ አለ፣ የተሰደደ አለ፣ የሠዋ አለ። ሳይሠዋ ለሹሙ ጉቦ ሰጥቶ ወረቀቱን ብቻ የገዛም አለ፤ ብልጠት በዛሬ ዘመን የተጀመረ የሚመስለን ካለን ይህን እናስታውስ።

በ251 ዳክዮስ በጦርነት ሞተ። ስደቱ ጋብ አለ፤ የሠዉትም፣ ወረቀት የገዙትም ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተመለሱ። ጠቡ የተነሣው ያኔ ነው። በሮም ኖቫትያኖስ የተባለ የተማረ ቄስ ለእነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን እርቅ ልትሰጥ አትችልም አለ። ልብ በሉ፤ ንስሐ አይግቡ አላለም። ይግቡ፣ ያልቅሱ፣ እግዚአብሔር የወደደውን ያደርጋል፣ እኛ ግን አንቀበላቸውም ነው ያለው። ተከታዮቹም ራሳቸውን «ንጹሓን» ብለው ጠሩ። በካርታጎው ጳጳስ በቆጵርያኖስ ዘንድ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር፤ ለእምነታቸው ታስረው የተፈቱ ሰዎች ያለ ቀኖና የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር፣ ተመላሹም ደብዳቤውን እያሳየ ዛሬውኑ ልቁረብ አለ። ቆጵርያኖስ ከጳጳሳቱ ጋር ተሰብስቦ መካከለኛውን መንገድ ያዘ፤ ይመለሳሉ፣ ግን በንስሐ ቆይተው፣ እያንዳንዱም እንደ ሥራው እየተመረመረ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ነገሩ ተደገመ፤ የኮፕቶች ዓመተ ሰማዕታት ከእርሱ መንገሥ ከ284 ይቆጠራል። በዚህ ስደት መካከል፣ በ306፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ ስለ ተመላሾች ቀኖና ጻፈ። እኛ ኅዳር 29 ተፍጻሜተ ሰማዕት ብለን የምናከብረው ጴጥሮስ ነው። ይህን ቀኖና ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ጥንቃቄው ነው። ተገርፎ፣ ተሰቃይቶ፣ ሥጋው አልችል ብሎት የካደ ሰው ሦስት ዓመት በልቅሶ ቆይቷልና 40 ቀን ብቻ ይጨመርበት ይላል። ታስሮ ሳይገረፍ የካደው አንድ ዓመት። ምንም ሳይነካው በፍርሃት ብቻ የካደው አራት ዓመት። ባሪያውን በእርሱ ፈንታ እንዲሠዋ የላከ ጌታም ነበር፤ ለባሪያው አንድ ዓመት፣ ለጌታው ሦስት ዓመት ተፈረደ። ማን ማንን አስገድዶ እንደነበር ሊቀ ጳጳሱ ጠይቆ ነው የፈረደው ማለት ነው። እኛ ስለ ወደቀ ሰው ስናወራ ይህን ያህል ጠይቀን እናውቃለን?

የሊቆጶሊሱ ጳጳስ መሊጥዮስ ይህን አልወደደውም፤ ስደቱ ሳያልቅ በር መክፈት ምን ይባላል ብሎ ተለየ፣ ልዩነቱም ለብዙ ዘመን ግብፅን ከፈለ። ጴጥሮስ የዋህነቱ እንደ ፍርሃት የተቆጠረበት ሰው ነበር፤ በ311 አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ።

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንትም ይኸው ጉዳይ ቀረበላቸው። 11ኛው ቀኖና ሳይገደዱ፣ ንብረታቸው ሳይወሰድ የካዱትን ይመለከታል። ሦስት ዓመት ከሰሚዎች ጋር፣ ሰባት ዓመት ከሰጋጆች ጋር፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከሕዝቡ ጋር በጸሎት እንዲቆሙ ያዝዛል። ድምሩ 12 ዓመት ነው። ለዛሬ ጆሮ ከባድ ነው፤ አሁን ማን 12 ዓመት ይጠብቃል? ግን አንድ ነገር እንይ። ተመላሹ የት እንደሚቆም ያውቃል፤ በስንተኛው ዓመት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል፤ በስንተኛው እንደሚያበቃም ያውቃል። ሕዝቡም ያውቃል፤ ቀኑ ሲደርስ ቦታ ይለቅለታል። የእኛ ሐሜት ግን ማብቂያ ቀን የለውም። ከ30 ዓመት በፊት ሰክሮ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የተሳደበ ሰው ዛሬም በዚያ ስም ይጠራል፤ ልጁን ሊድር ሽማግሌ ሲልክም ያ ስድብ ቀድሞት ይደርሳል። ከሁለቱ የቱ ይከብዳል?

አሁን ወደ አገራችን። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ቄስ አብሯቸው ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 በሊዝበን ታትሟል። በጥምቀት ዕለት ያየውን ሲተርክ ዐይናችን ላይ ያመጣዋል። ዙሪያውን በጣውላ የተለበጠ፣ መውረጃ ደረጃ ያለው ገንዳ ነበር። ንጉሡ በመጋረጃ ተከልሎ ይመለከታል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ የንጉሡ መምህር፣ እስከ ትከሻው ውኃ ውስጥ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ በየተራ ያጠልቀዋል።

ንጉሡ እንግዳውን ቄስ ይህን እንዴት አየኸው ብሎ አስጠየቀው። አልቫሬዝ ጸሎተ ሃይማኖትን ጠቅሶ ጥምቀት አንዲት ናት አለ። በዚህ ላይ ትክክል ነበር፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይኸው ነው። ዛሬ ጥር 11 በጃን ሜዳም ሆነ በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ የምንረጨው ጠበል የጌታችን ጥምቀት መታሰቢያና በረከት ነው እንጂ ዳግም ጥምቀት አይደለም። ንጉሡ ግን ጥያቄ መለሰለት፤ ክርስቲያን ሆነው ሳለ ሃይማኖታቸውን ለውጠው፣ ቆይተው የተጸጸቱት ሰዎች መድኃኒታቸው ምንድን ነው? አልቫሬዝም የሚጸጸቱትን ጳጳሱ ቀኖና ሰጥቶ ይፍታቸው፣ የማይጸጸቱትን ግን በፈረንጅ አገር እንደሚደረገው በእሳት ማቃጠል ነው አለ። ንጉሡ ይህን ሰምቶ፣ አያቱ ይህን ጥምቀት ያቆሙት ከታላላቅ ካህናት ጋር መክረው፣ ያን ያህል ነፍስ እንዳይጠፋ አስበው መሆኑን ነገረው።

በነገረ ሃይማኖቱ መልሱ የቄሱ ነው። ጥያቄው ግን የእረኛ ጥያቄ ነበር። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ የነበረውን ያን ንጉሥ ያስጨነቀው የሄደው ሰው ሲመለስ በየት በኩል ይግባ የሚለው ነው።

ጥያቄው ብዙ ሳይቆይ የአገሩ ሁሉ ጥያቄ ሆነ። በ1529 የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ እስከ 1543 እስከ ወይና ደጋ ድረስ በቆየው የአሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰውም በግድም በውድም ሃይማኖቱን ለወጠ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዐፄ ገላውዴዎስ ያገኙት አገር ግማሹ ተመላሽ ነበር ማለት ይቻላል። በአንድ መንደር ውስጥ የሸሸው፣ የተዋጋው፣ የካደውና የካደውን የጠቆመው አንድ ላይ ይኖሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለተመላሾች መጽሐፈ ቄደር የሚባል የጸሎት መጽሐፍ አላት፤ ታሪኩም ከዚሁ ዘመን ጋር ይያያዛል። በውኃው ላይ ይጸለያል፣ ተመላሹ ይታጠብበታል፣ ከዚያ ወደ ምእመናን አንድነት ይመለሳል። ጥምቀት አይደለም፤ የመጀመሪያው ጥምቀት ዛሬም ያው ነው፤ ግን ውኃ አለ፣ ካህን አለ፣ ቀን አለ። ልብነ ድንግል የጠየቀው በር ያ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ተቀባዩ ሰው ካነሣን ሙሴ ጸሊምን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሰኔ 24 ስንክሳር የሚያስታውሰው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም የመነኮሰ ሰው ነው። አስቀድሞ የወንበዴ አለቃ ነበር። ሲመጣ የተቀበለው አባ ኤስድሮስ ምንም ዋስ አልጠየቀውም። ሙሴ ከመነኮሰም በኋላ ከሥጋው ጋር ክፉኛ ይታገል ነበር፤ አንድ ጊዜ ወደ በዓቴ መመለስ አልችልም ብሎ ወደ ኤስድሮስ መጣ። ሽማግሌው አልገሠጸውም፤ ወደ ሰገነት አውጥቶ በምዕራብ በኩል የአጋንንትን ሠራዊት፣ በምሥራቅ በኩል ከእርሱ ጋር የቆሙትን መላእክት አሳየውና ከእነዚህ የትኞቹ ይበዛሉ ብሎ መለሰው።

የሚበልጠው ግን ሙሴ ራሱ ሸምግሎ፣ ተቀባይ በሆነ ጊዜ የሠራው ነው። አንድ መነኩሴ ወድቆ ጉባኤ ተጠርቶበት ሙሴ አልመጣም አለ። ደጋግመው ሲልኩበት ታች በኩል በሚያፈስ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው አባታችን ሲሉት፣ ኃጢአቴ በኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ሰው ኃጢአት ልፈርድ መጥቻለሁ አላቸው። ጉባኤው ተበተነ። ሙሴ እንዲህ ሊያደርግ የቻለው ራሱ በአንድ ቀን በዚያ ደጅ ተቀባይ የፈለገ ሰው ስለነበር ነው። ዕድሜ ልኩን ቤት ለቆየ ሰው ይህ ቅርጫት ይከብደዋል። ሳይወድቅ መኖሩ እንደ ብቃት ይቆጠርለታል፣ ለራሱም እንደ ብቃት ይቆጥረዋል።

ዘመኑን ላቅርብ። የአገር ቤቱና የስደተኛው ሲኖዶስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው ኖረው፣ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን እርቁ ታወጀ። ሐምሌ 25 ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ አዲስ አበባ ገቡ። የተላለፉት ውግዘቶች ተነሡ፤ አስተዳደሩ በአቡነ ማትያስ እጅ ሆኖ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ እንዲቀጥሉ፣ የሁለቱም ስም በጸሎት እንዲጠራ ተስማሙ። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ሆነ። በዘመናችን ካየናቸው የቤተ ክርስቲያን መታደሶች ይህን የሚያህል አላውቅም።

አዋጁ በአንድ ቀን አለቀ፤ ሰው ግን በአንድ ቀን አይታረቅም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ደብር «የአገር ቤት» ይባል ነበር፣ አንዱ «የስደተኛው»፣ ሌላው «ገለልተኛ»። በአንድ ከተማ ሦስት ዐውደ ምሕረት፤ እኅትና ወንድም በተለያየ ደብር ልጅ ያስጠምቁ ነበር፣ የአንዱን ካህን መስቀል ሌላው አይሳለምም ነበር። ከእርቁ በኋላ አባቶች አንድ ላይ ቀደሱ፤ ከሕዝቡ ግን ያን ጊዜ የተባባለውን እስከ ቃሉ የሚያስታውስ ሞልቶ ነበር። ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደብሩን በገንዘቡና በጉልበቱ የሠራ፣ በክረምት በረዶ ጠርጎ በሩን የከፈተ ሰው ነበር። ለዚህም ነው የከበደው። የሠራውን ቤት ትናንት የነቀፈው ሰው ዛሬ መጥቶ ከፊት ሲቆም አንድም ነገር ሳይከፍል የገባ ይመስለዋል። ከእርሻ የተመለሰው ታላቅ ወንድም ዘፈኑን በሰማ ጊዜ ያሰበው ልክ ይህን ነበር።

በመጨረሻ ስለ እኅቶቻችን ልናገር፤ ይህን ትምህርት ሳዘጋጅ ከፊቴ የነበሩት እነሱ ናቸው። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ከሄዱት መካከል ሥራው እንዲገኝ፣ አሠሪዋም እንድትቀበል ብለው ስም የለወጡ፣ ማተብ የፈቱ ብዙ ናቸው። ደላላው ፓስፖርቱ ሳይወጣ ነው አዲሱን ስም የነገራቸው። ከተፍጻሜተ ሰማዕት ቀኖና ጋር አስተያዩት፤ ባሪያውን የላከው ጌታና የተላከው ባሪያ አንድ ዓይነት ፍርድ አልተሰጣቸውም። እዚህም ልጅቱ አለች፣ ደላላው አለ፣ የቤት ኪራይ መክፈያ አጥቶ ሂጂ ያላት ቤተሰብ አለ፣ በላከችው ገንዘብ ቆርቆሮ የቀየረ ወንድም አለ። ስትመለስ ቀኖናው በማን ላይ ይውደቅ?

በቤተ ክርስቲያን በኩል ነገሩ ቀላል ነው። ወደ ንስሐ አባቷ ትሄዳለች፤ ቄደር የሚያስፈልጋት ከሆነ ይጸለይላታል፣ ማተቧን ታስራለች፣ ቀኖናዋን ትፈጽማለች። ካህኑ እግዚአብሔር ይፍታሽ ካላት አለቀ። ከዚያ የጎረቤት ቡና ላይ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ሳይቀዳ አንዷ ፈገግ ብላ «ለመሆኑ እዚያ ስምሽ ማን ነበር?» ትላታለች። ክፋት የለውም፣ ጨዋታ ነው። ሌሎቹም ይስቃሉ። ልጅቱ ስኒዋን ታስቀምጣለች፤ በሚቀጥለው ቀን ራሴን አሞኛል ትላለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሳ እንደሄደች እንሰማለን፤ ከዚያ «እሷ ድሮም ልቧ እዚያው ነበር» እንላለን።

አንዳንድ ሰው እንቀበላት ሲባል ምን እናድርግ፣ እልልታ እናሰማ ወይ ይላል። እልልታ አያስፈልጋትም፤ አደባባይ ላይ ምስክርነት ስጪ ብሎ መወትወትም አያስፈልግም። በወንጌላውያኑ ወንድሞቻችን ዘንድ ምስክርነት መስጠት ትልቅ ቦታ አለው፤ ፈቅዶ ለሚናገር መልካም ነው፣ ሳይፈልግ ለተጎተተ ሰው ግን ሁለተኛ ቀኖና ነው። የሚያስፈልጋት በጣም ተራ ነገር ነው። የጽዋ ማኅበር ያላችሁ እናቶች፣ የእናቷን ቦታ እንድትይዝ ጥሯት። ከገባች በኋላም ለወራት ዝም ብላ የምትበላ እንግዳ አታድርጓት፤ በሚቀጥለው ወር ጽዋውን ወደ ቤቷ እንድትወስድ ተራ ስጧት። ዳቦው ትንሽ ቢሆን፣ ጠላውም ቢቀጥን ማንም አፉን እንዳይከፍት የማኅበሩ ሙሴ አስቀድማ ታስጠንቅቅ።

ዳግመኛ ብትሄድስ የሚል ጥያቄ ከኋላ መጥቶልኛል። የኒቅያው 13ኛው ቀኖና ለዚህ የቀረበ ነገር አለው። በቀኖና ላይ ያለ ሰው ለሞት ሲቃረብ ሥጋ ወደሙን አይከልከል ይላል። ሕመሙ ተሽሎት ከአልጋው ቢነሣስ? አባቶች ይህንንም አስበውበታል። የሰጠነውን ባልሰጠነው ብለው አልተጸጸቱም፤ በጸሎት ብቻ ከሚተባበሩት ጋር ይቁም አሉ። ዳግመኛ ብትሄድ ዳግመኛ ትመጣለች፤ ተራዋም ካቆመበት ይቀጥላል።

ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ ጊዜ አለን።